የፋይል ስም ላይ ያለውን ቀን ዳታቤዙ ይጻፈው

20161013 የሚል ስም ያለው ፋይል እጃችሁ ገባ እንበል። የመቼ ነው? በፈረንጅ አቆጣጠር ካነበባችሁት ኦክቶበር 13 ቀን 2016 ነው። በእኛ ካነበባችሁት ደግሞ ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጁ ጁን 20 ቀን 2024 ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አለ። ፋይሉ ግን ያው አንድ ፋይል ነው።

የምሠራው አዲስ አበባ፣ መድኃኒት የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። ሌሊት ሌሊት የየቅርንጫፉ ሽያጭ ከዳታቤዝ ወጥቶ ፋይል ይሆናል። ጠዋት ሒሳብ ክፍል ያሉት ሰዎች ይከፍቱታል። ዳታቤዝ አያውቁም፣ እንዲያውቁም አይጠበቅባቸውም። እነሱ የሚያዩት ስሙን ብቻ ነው። «የሐምሌ አንዱ የቱ ነው?» ብለው እንዳይደውሉልኝ ስሙ ራሱ መልስ መስጠት አለበት። ኦዲተር ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ የሦስት ዓመት ፎልደር ከፍቶ አንድ ቀን ይፈልጋል።

ትእዛዞቹን እዚህ የማስቀምጣቸው እንደ አነባበባቸው ነው። ደሴና ሐዋሳ ላሉት ልጆች በስልክ ስነግራቸው «ዋይ አራት ጊዜ፣ ኤም ሁለት ጊዜ» እያልኩ ነው። እናንተ ኪቦርድ ላይ ስትመቱት በላቲን ፊደል ይሆናል። ምሳሌዎቹ ላይ «ሽያጭ» ብዬ የምጽፈውንም የፋይል ስም ላይ በላቲን ብታደርጉት ይሻላል። አንዳንድ የቆየ ፕሮግራም የአማርኛውን ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀይረዋል።

መጀመሪያ ቅርጹ

ዓመት በአራት አሃዝ፣ ወር በሁለት፣ ቀን በሁለት፣ ከዚያ የታች ሰረዝ፣ ከዚያ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ እያንዳንዳቸው በሁለት። ሽያጭ_20240708_143005 ይመስላል። ሌላ ቅርጽ አትምረጡ።

ምክንያቱ አደራደሩ ነው። ኮምፒውተር ስም የሚደረድረው ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ ነው። ቀኑን ካስቀደማችሁ የሁሉም ወር አንደኛ ቀን አንድ ላይ ይሰበሰባል፤ የጥር 1 እና የሐምሌ 1 ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ጥር 2 ሩቅ ይሄዳል። ዓመቱ ከቀደመ ግን በስም መደርደር ማለት በጊዜ መደርደር ማለት ነው። ዜሮዋም ግድ ናት። 7 ብላችሁ ከጻፋችሁ 10 ከ7 በፊት ይመጣል። የዊንዶውስ መስኮት ቁጥሩን እየቆጠረ ያስተካክልላችኋል፤ ሊኑክስ ላይ ወይም ስክሪፕት (ተጽፎ የተቀመጠ የትእዛዝ ዝርዝር) ውስጥ ግን ማንም አያስተካክልላችሁም።

ከፋፋይ ምልክት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እዝባር አይቻልም፤ ኮምፒውተሩ ፎልደር ነው ብሎ ያስባል። ኮለን፣ ማለትም በሰዓትና በደቂቃ መካከል የምናደርጋቸው ላይና ታች ያሉት ሁለት ነጥቦች፣ ዊንዶውስ ላይ ክልክል ነው። የሚገርመው ሁልጊዜ በስህተት መልእክት አለመመለሱ ነው። በኤንቲኤፍኤስ ዲስክ (ዊንዶውስ በተለምዶ በሚጠቀምበት የዲስክ አደረጃጀት) ላይ አንድ ኮለን ያለበት ስም ከሰጣችሁት አንዳንድ ፕሮግራም ምንም ሳይል ይጽፍላችኋል። ፎልደሩን ስትከፍቱ ስሙ ኮለኑ ጋ ተቆርጦ፣ መጠኑ ዜሮ ሆኖ ታገኙታላችሁ። መረጃው ከፋይሉ ጋር በተያያዘ በማይታይ ክፍል ውስጥ ተደብቋል። በኢሜይል ስትልኩት ባዶው ይሄዳል። ክፍት ቦታም አታስገቡ፤ ስክሪፕቱ ስሙን ለሁለት ከፍሎ ያነበዋል። ቁጥርና የታች ሰረዝ ይበቃል።

ሰዓቱ በ24 ይሁን። በ12 ከጻፋችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩልም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩልም 0230 ይሆናሉ። አንዱ ሌላውን ይደመስሰዋል። የኢትዮጵያን ሰዓት እንጻፍ ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ግን ያው የ12 ሰዓት ችግር እዚያም አለ። ስለዚህ በ24 እጽፍና «6 ቀንሱበት» እላቸዋለሁ፤ 14 ከሆነ 8 ሰዓት ነው። 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 ይደምሩበት፤ 02 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከ18 ከበለጠ 18 ይቀንሱበት፤ 20 ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

በየዳታቤዙ እንዴት ይጻፋል

እኛ ጋ ያለው የዳታቤዝ ፕሮግራም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዋናው ቢሮ ኤስኪውኤል ሰርቨር አለው። ቅርንጫፎቹ ማይኤስኪውኤል ናቸው። በድረ ገጽ የሚመጣው ትእዛዝ ፖስትግሬስ ላይ ይቀመጣል፤ መጋዘን ያሉት ታብሌቶች ደግሞ በኤስኪውላይት ይሠራሉ። ከዚህ በፊት የሠራሁበት ቤት ኦራክል ነበር። ሁሉም ቀን መጻፍ ይችላሉ፤ አጻጻፋቸው ግን አይገጥምም።

ኦራክልና ፖስትግሬስ በዚህ ዘመዳማቾች ናቸው። ቀኑን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፈንክሽን፣ ማለትም ዝግጁ ትእዛዝ፣ ቱ_ቻር ይባላል። ቅንፉ ውስጥ የሚሰጠው የመጀመሪያው ነገር የአሁኑ ሰዓት ነው፤ ኦራክል ላይ ሲስዴት፣ ፖስትግሬስ ላይ ናው። ሁለተኛው በነጠላ ጥቅስ ውስጥ የሚገባው ቅርጽ ነው፦ ዋይ አራት ጊዜ፣ ኤም ሁለቴ፣ ዲ ሁለቴ፣ የታች ሰረዝ፣ ኤች ኤች 24፣ ኤም አይ፣ ኤስ ኤስ። 24ቷን ከረሳችኋት ሰዓቱ በ12 ይወጣል።

«ኤም አይ» ያልኩት ደቂቃ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይንሸራተታል። «ኤም ኤም» ወር ስለሆነ ደቂቃው ቦታ ላይ ከጻፋችሁት ወሩ ሁለቴ ይወጣል። ዳታቤዙ አይቆጣም፤ ትእዛዙ ትክክል ነው። በጁላይ 8 ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል የተሠራ ፋይል 20240708_140705 ይባላል። አንዱን ብቻ ስታዩት ምንም አይነቃም፤ 14 ሰዓት ከ07 ደቂቃ ነው የሚመስለው። የምትይዙት ብዙ ፋይል ጎን ለጎን ስታዩ ነው። ወሩን ሙሉ ደቂቃው 07 ላይ ቆሞ፣ በኦገስት 08 ከሆነ፣ ጉዳዩ ይሄው ነው። ከሌላ ሰው ስክሪፕት ስትረከቡ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ።

ማይኤስኪውኤል ላይ ፈንክሽኑ ዴት_ፎርማት ነው። እያንዳንዱ ፊደል ፊት የፐርሰንት ምልክት ይቀመጣል። ትልቁ ዋይ ዓመት በአራት አሃዝ፣ ትንሿ ኤም ወር፣ ትንሿ ዲ ቀን፣ ትልቁ ኤች ሰዓት በ24፣ ትንሿ አይ ደቂቃ፣ ትንሿ ኤስ ሰከንድ። ደቂቃ በአይ መሆኑን ያዙ። ትልቁ ኤም እዚህ የወሩን ስም በእንግሊዝኛ ያወጣል፤ «ጁላይ» የሚል የፋይሉ ስም መሀል ገብቶ ታገኛላችሁ።

ኤስኪውላይት ደግሞ ስትር-ኤፍ-ታይም አለው። እሱም ፐርሰንት ይወዳል፤ ግን ደቂቃው ትልቁ ኤም ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ የለመደ ሰው አይ ብሎ ሲጽፍ ነገሩ አይሠራለትም። ሌላው ደግሞ «ናው» ብላችሁ ብቻ ከተዋችሁት የግሪንዊችን ሰዓት ይሰጣችኋል። ከናው ቀጥሎ በነጠላ ሰረዝ ለይታችሁ «ሎካልታይም» ጨምሩ።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ሁለት መንገድ አለው። አሮጌው ኮንቨርት ነው። ወደ ቫርቻር 8 (8 ፊደል የሚይዝ ጽሑፍ) ቀይር፣ ጌትዴትን (የአሁኑን ሰዓት)፣ በ112 ትሉታላችሁ፤ 20240708 ይሰጣችኋል። 112 የቅርጹ ቁጥር ነው። ቫርቻሩን 8 በማድረግ ፈንታ 6 ካደረጋችሁት ቀኑ ተቆርጦ 202407 ብቻ ይቀራል፤ ለወር ሪፖርት አሪፍ ነው። ለሰዓቱ 108 ቁጥርን ትጠቀማላችሁ፤ እሱ ግን ኮለኖቹን ይዞ ይመጣል። በሪፕሌስ አውጧቸው። ቁጥር ሳትሰጡ ዝም ብላችሁ ወደ ጽሑፍ ከቀየራችሁት የእንግሊዝኛ ወር ስም፣ ክፍት ቦታ፣ ኮለን፣ በመጨረሻም ፒኤም ያለበት ነገር ይወጣል። ለፋይል ስም የማይሆን ሁሉ በአንድ ላይ ማለት ነው።

አዲሱ መንገድ ከ2012 ስሪት ጀምሮ ያለው ፎርማት ነው። ይነበባል፣ ያምራል። ትንሹ ዋይ አራቴ፣ ትልቁ ኤም ሁለቴ፣ ትንሹ ዲ ሁለቴ፣ የታች ሰረዝ፣ ትልቁ ኤች ሁለቴ፣ ትንሿ ኤም ሁለቴ፣ ትንሹ ኤስ ሁለቴ። እዚህ ትልቅና ትንሽ ፊደል ሞትና ሽረት ነው፤ ትልቁ ኤም ወር፣ ትንሿ ደቂቃ፤ ትልቁ ኤች 24፣ ትንሹ 12። ፎርማት ሚሊዮን ረድፍ ላይ ስታሮጡት ይንቀረፈፋል። ለአንድ የፋይል ስም ግን ማንም አይሰማውም።

የትም ብትሆኑ ሰዓቱን አንዴ ብቻ ውሰዱት። ጌትዴትን ለቀኑ አንዴ፣ ለሰዓቱ ሌላ ጊዜ ከጠራችሁ፣ በመሀል እኩለ ሌሊት ካለፈ ቀኑ የትናንት፣ ሰዓቱ የዛሬ ይሆናል። ቫሪያብል (ስም የተሰጠው ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ውስጥ አስቀምጡትና ከዚያ ሁለቱንም አውጡ። ፖስትግሬስ ላይ ናው የሚሰጠው ትራንዛክሽኑ (እንደ አንድ ሥራ የሚቆጠር የትእዛዝ ስብስብ) የጀመረበትን ሰዓት ስለሆነ ይህ ችግር የለም። በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ሽያጭና ክፍያ ሁለት ፋይል ካወጣችሁ ሁለቱም አንድ ሰዓት ይይዛሉ። እኔ ይህን እወደዋለሁ፤ ጥንዶቹ በስም ይገጣጠማሉ። የአሁኑን ትክክለኛ ሰዓት የምትፈልጉ ከሆነ ክሎክ_ታይምስታምፕ አለ።

የማን ሰዓት?

ቢሮ ውስጥ ያለ ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ አበባ ሰዓት ነው የሚሄደው። ክላውድ ላይ ያለው ግን በግሪንዊች። ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ እኛ ሀገር በበጋና በክረምት ሰዓት መቀያየር ስለሌለ ዓመቱን ሙሉ ሦስት ነው። ሦስት ሰዓት ትንሽ ይመስላል። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የሚሠራ ሥራ ካላችሁ ግን ሰርቨሩ ገና ትናንት ላይ ስለሆነ ፋይሉ የትናንትን ቀን ይይዛል። የሌሊት ሥራ ደግሞ የሚመደበው ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ፖስትግሬስ ላይ «አት ታይም ዞን» ብላችሁ በጥቅስ ውስጥ አፍሪካ፣ እዝባር፣ አዲስ_አበባ ጻፉ። የከተማውን ስም መጻፍ ሲቻል «ዩቲሲ ፕላስ 3» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ፖስትግሬስ ይህን በድሮው የፖዚክስ ሕግ ነው የሚያነበው፤ በዚያ ሕግ ፕላስ ማለት ከግሪንዊች ወደ ምዕራብ ነው። ሦስት ሰዓት ወደፊት እሄዳለሁ ስትሉ ሦስት ወደኋላ ትሄዳላችሁ፤ ስህተቱ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ስድስት ሰዓት ደግሞ ለእኛ ሰው አደገኛ ቁጥር ነው፤ «የኢትዮጵያ ሰዓት ነው» ብሎ ሁሉም ያልፈዋል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2016 ስሪት ጀምሮ ያው አት ታይም ዞን አለው፤ ስሙ ግን የዊንዶውስ ነው፣ «ኢ ነጥብ አፍሪካ ስታንዳርድ ታይም»። ማይኤስኪውኤል ላይ ኮንቨርት_ቲዜድ አለ። በከተማ ስም ከጠራችሁትና የሰዓት ክልል ሰንጠረዦቹ ካልተጫኑ መልሱ ነል፣ ማለትም ባዶ፣ ነው። ነል ደግሞ ከሌላ ጽሑፍ ጋር በኮንካት ሲገጣጠም ሁሉንም ነል ያደርገዋል፤ ስም የሌለው ፋይል ማለት ነው። ከፕላስ 00:00 ወደ ፕላስ 03:00 ብላችሁ በቁጥር ስጡት፤ ሰንጠረዥ አይፈልግም።

ፋይሉ የተሠራበት ቀን ወይስ የሽያጩ ቀን?

ከቅርጹ ሁሉ በላይ የምጨነቅበት ይህ ነው። ሥራው የሚሮጠው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ውስጡ ያለው የሰኞ ሽያጭ ነው። ዳታቤዙን «ዛሬ ስንት ነው?» ብትሉት ማክሰኞ ይላችኋል፤ ትክክል ነው። ሒሳብ ክፍል ግን የማክሰኞን ፋይል ከፍቶ የሰኞን ሽያጭ ያገኛል። የወሩ የመጨረሻ ሌሊት ላይ ሲሆን ይብሳል፤ የአንዱ ወር ሽያጭ በሌላው ወር ስም ይቀመጣል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ሐምሌ 1 ቀን የሚሠራው ፋይል ሐምሌን ተጽፎበት ሰኔን ይዞ ይገኛል።

ስለዚህ ስሙ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው የመረጃው ቀን ይሁን። የተሠራበት ሰዓት ከኋላ ይከተል፤ ሽያጭ_ደሴ_20240708_ተ20240709_013000። «ተ» የተሠራበት ነው። ረዝሟል፤ ይርዘም። ያው ቀን ሁለቴ ቢወጣ ሁለቱም ፋይሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ የቱ የኋለኛው እንደሆነም ይታያል።

አንድ ቀን መቀነስ ላይ ተጠንቀቁ። ኦራክል ላይ ሲስዴት ሲቀነስ 1 ትክክል ነው። ፖስትግሬስ ላይ ከረንት_ዴት ሲቀነስ 1 ትክክል ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ ከርዴት ሲቀነስ 1 ብትሉ ግን ቀኑን ወደ ቁጥር ቀይሮ አንድ ይቀንስላችኋል። በ20240709 ላይ 20240708 ይሰጣችኋል፤ ደስ ይላችኋል። ኦገስት 1 ሲመጣ 20240801 ሲቀነስ 1 ብሎ 20240800 ይሰጣችኋል። ዜሮኛ ቀን የለም። ወሩን ሙሉ ደህና ሠርቶ በወር አንድ ቀን የሚሰበር ነገር ለማግኘት ከባድ ነው፤ በዚያ ላይ የሚሰበረው ሪፖርት በሚጠየቅበት ቀን ነው። «ሲቀነስ ኢንተርቫል 1 ዴይ» በሉት። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ዴት-አድ በዴይ፣ በኔጌቲቭ 1። ኤስኪውላይት ላይ ደግሞ ከሎካልታይም ቀጥሎ «ኔጌቲቭ 1 ዴይ» ይጨመራል።

ግን «ትናንት» ማለትም ሁልጊዜ አይበቃም። ደሴ ኔትወርክ ጠፍቶ ሰኞ ያልወጣውን ረቡዕ ስታስወጡት «ትናንት» ማክሰኞ ነው። ስለዚህ ቀኑን ቫሪያብል አድርጉት። ምንም ካልተሰጠው ትናንትን ይውሰድ፤ ከተሰጠው የተሰጠውን። ከዚያ ኩዌሪው (መረጃውን የሚጠይቀው ትእዛዝ) ዌር በሚለው ክፍሉ የሚያጣራበት ቀንና ስሙ ላይ የሚጻፈው ቀን ሁለቱም ከዚያ ከአንዱ ቫሪያብል ይምጡ። አንዱን እዚህ አስልታችሁ ሌላውን እዚያ ካሰላችሁ አንድ ቀን ይለያያሉ። ከአንድ ቦታ ከመጡ ስሙ ውስጡን ሊዋሽ አይችልም።

የእኛን ቀን መጨመር

ሒሳብ ክፍል የሚሠራው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስሙ ላይ የራሳቸውን ቀን ማየት ይፈልጋሉ፤ መብታቸውም ነው። የፈረንጁን አውጥቼ የእኛን ግን አልተካም፤ መጀመሪያ ላይ ያያችሁት የ20161013 ጣጣ ይመጣል። ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ የእኛው ፊት ላይ «ኢ» አለ። ሽያጭ_ደሴ_20240708_ኢ20161101 ማለት ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነው። ጳጉሜን 13 ብላችሁ ጻፉት፤ በሁለት አሃዝ ይገባል፣ ቅደም ተከተሉም አይዛባም።

ኦራክል ላይ ከሆናችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ኤንኤልኤስ_ካላንደር የሚባለው ቅንብር ኢትዮጵያን ያውቃታል፤ ሴሽኑ (ከዳታቤዙ ጋር የከፈታችሁት ግንኙነት) ላይ አስተካክላችሁ ቱ_ቻርን መጥራት ነው። ሌሎቹ አራቱ አብሯቸው የመጣ ነገር የለም፤ በስሌት ይወጣል። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ።

መነሻው የጁሊያን ቀን ቁጥር ነው፤ ቀኖች ሁሉ በተራ የተቆጠሩበት አንድ ቁጥር። ፖስትግሬስ ላይ ቱ_ቻር በጄ ፊደል ይሰጣችኋል፤ ጽሑፍ ስለሆነ ወደ ኢንቲጀር ቀይሩት። ማይኤስኪውኤል ላይ ቱ_ዴይስ ሲደመር 1721060 ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ከ1900 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ያለውን ቀን በዴት-ዲፍ ቆጥራችሁ 2415021 ትደምራላችሁ። ኤስኪውላይት ላይ ጁሊያንዴይ ሲደመር 0.5፣ ከዚያ ወደ ሙሉ ቁጥር።

ከዚያ እንዲህ ነው። ማካፈል ባልኩበት ሁሉ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ውሰዱ፤ ማይኤስኪውኤል ላይ ለዚህ ዲቭ የሚለውን ተጠቀሙ።

ሀ = የጁሊያን ቁጥር − 1723856
ለ = ሀ ለ1461 ሲካፈል
ሐ = የዚያው ቀሪ
መ = ሐ ለ1460 ሲካፈል
ዓመት = 4 × ለ + (ሐ ለ365 ሲካፈል) − መ
ሠ = (ሐ ለ365 ሲካፈል ቀሪው) + 365 × መ
ወር = (ሠ ለ30 ሲካፈል) + 1
ቀን = (ሠ ለ30 ሲካፈል ቀሪው) + 1

1461 የአራት ዓመት ቀን ነው፤ ሦስቱ 365፣ አንዱ 366። መ አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ነው። አንድ የሚሆነው በአራት ዓመት አንዴ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ብቻ ነው። እሱን ከተዋችሁት ጳጉሜን 6 የቀጣዩ ዓመት መስከረም 1 ሆኖ ይወጣል።

በቁጥር እንየው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 የጁሊያን ቁጥሩ 2460200 ነው። 1723856 ሲቀነስ 736344 ይቀራል። ለ1461 ስታካፍሉት ልክ 504 ይሆናል፣ ቀሪ የለም። 504 በ4 ሲባዛ 2016። ሠ ዜሮ ስለሆነ ወር 1፣ ቀን 1። መስከረም 1 ቀን 2016፤ ትክክል። አንድ ቀን ወደኋላ እንሂድ። 736343 ለ1461 ሲካፈል 503፣ ቀሪው 1460። መ አንድ ሆነ። ዓመቱ 2012 ሲደመር 4፣ ሲቀነስ 1፤ 2015። ሠ 365። ወር 13፣ ቀን 6። ጳጉሜን 6 ቀን 2015። የጻፋችሁትን ፈንክሽን በእነዚህ ሁለት ቀናትና በጁላይ 8 ቀን 2024 ፈትኑት፤ የመጨረሻው ሐምሌ 1 ቀን 2016 መስጠት አለበት። ሦስቱ ከገጠሙ ተማመኑበት።

የበጀት ዓመት ከፈለጋችሁ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ወሩ 11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ዓመቱ ላይ 1 ደምሩ። ሐምሌ 1 ቀን 2016 የ2017 በጀት ዓመት መጀመሪያ ነው። እኔ ይህን ስሙ ላይ አላስገባም፣ የፎልደሩ ስም አደርገዋለሁ።

ስሙን ፋይሉ ላይ ማሳረፍ

ስሙ ተሠራ፤ አሁን ትእዛዙ እንዲቀበለው ማድረግ አለባችሁ። ብዙዎቹ ትእዛዞች የፋይል ስም ቦታ ላይ ስሌት አይቀበሉም።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ባክአፕ ዳታቤዝ ቫሪያብል ይቀበላል። ስሙን እዚያው አገጣጥሙ ብትሉት ግን እምቢ ይላል፤ አስቀድማችሁ ቫሪያብሉ ውስጥ ጨርሱት። ማይኤስኪውኤል ላይ ኢንቱ አውትፋይል ቫሪያብልም አይቀበልም። ሙሉውን ትእዛዝ እንደ ጽሑፍ ገጣጥማችሁ በፕሪፔርና በኤክሰኪዩት ታስኬዱታላችሁ። አውትፋይል ያለ ፋይል ላይ አይደርብም፣ ስህተት ይመልሳል፤ ሰከንዱ ስሙ ላይ ካለ ይህ አይገጥማችሁም። ፋይሉ የሚቀመጠው ሰርቨሩ ላይ እንጂ የእናንተ ላፕቶፕ ላይ አይደለም፤ ሰኪዩር_ፋይል_ፕሪቭ የፈቀደው ፎልደር መሆኑንም እዩ።

ፖስትግሬስ ላይ በፒኤስኪውኤል (አብሮት በሚመጣው የትእዛዝ መጻፊያ ፕሮግራም) መሥራት ይመቸኛል። ስሙን የሚሠራውን ሴሌክት በነጠላ ሰረዝና ነጥብ አትዝጉት፤ በጂሴት ዝጉት። ውጤቱ በአምዱ ስም ቫሪያብል ይሆናል። ከዚያ ፎርማቱን ሲኤስቪ (በነጠላ ሰረዝ የተከፋፈለ ሰንጠረዥ) አድርጋችሁ፣ ኦ በሚለው ትእዛዝ ወደዚያ ስም አዙራችሁ ሴሌክታችሁን ታስኬዳላችሁ። ኮፒ በሚለው ፊቱ ወደኋላ ያዘነበለ እዝባር (ባክስላሽ) ባለው ትእዛዝ አትሞክሩ፤ ቫሪያብሉን አይተካውም፣ እንዳለ ያነበዋል። ኦራክል ላይ በኒው_ቫልዩ ስሙን ቫሪያብል ታደርጉና ስፑል (ውጤቱን ፋይል ላይ የሚጽፈው ትእዛዝ) ላይ በአምፐርሳንድ ትጠሩታላችሁ። ስሙ ላይ ነጥብ ተከትሎ ሲኤስቪ ካለ ነጥቧን ሁለቴ ጻፏት፤ አንዷን ቫሪያብሉ ማብቂያዬ ነው ብሎ ይውጣታል። ከሁሉ የሚቀናው ኤስኪውላይት ነው። ቫክዩም ኢንቱ የሚለው ትእዛዝ ስሌቱን እዚያው ይቀበላል፤ ስሙን ከስትር-ኤፍ-ታይም ጋር አያይዛችሁ መጻፍ ብቻ ነው። ታብሌቶቹን በየምሽቱ በዚህ ነው የምገለብጣቸው።

መብራት የሚጠፋበት ቅርንጫፍ ካላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ካለቀች መብራት ሄዶ ሲመጣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ድሮ ይመለሳል። ኢንተርኔት እስኪያገኝና እስኪያስተካክል የሚወጣው ፋይል ሁሉ የድሮ ቀን ይይዛል። ስሙን ከመሥራታችሁ በፊት የአሁኑን ሰዓት ከሽያጭ ሰንጠረዡ የመጨረሻ ሰዓት ጋር አነጻጽሩ። አሁን ከመጨረሻው ሽያጭ በፊት ከሆነ ሥራውን አቁሙና መልእክት ላኩ። ትንሿን ባትሪ መቀየር ነው መፍትሔው።

አሮጌ ፋይል ስታጠፉም ስሙን ተጠቀሙ። ብዙ ስክሪፕት «ከ90 ቀን በላይ የቆየ» የሚለውን የሚያየው ፋይሉ መጨረሻ የተለወጠበትን ቀን ነው። ወደ ሌላ ዲስክ ስትገለብጡ ወይም ከባክአፕ ስትመልሱ ያ ቀን ዛሬ ሊሆን ይችላል። ስሙ ላይ ያለው ግን አይነካም። ስምንቱን አሃዝ ከስሙ አውጥታችሁ ከዛሬ 90 ቀን በፊት ከነበረው ቀን ጋር አነጻጽሩ፤ ዓመቱ ፊት ስለሆነ እንደ ቁጥር ማነጻጸሩ ብቻ ይበቃል። «ኢ» ያለበትን ክፍል ስክሪፕቱ እንዳይነካ ከመጀመሪያዎቹ ስምንት አሃዞች ላይ እንዲቆም አድርጉት።